አሮጌው የስፌት መኪናና የመንኮራኩር እግሩ ጕዳይ

በመርካቶ ቆዳ በሚሰፋባቸው ሱቆችና የጓሮ ክፍሎች ውስጥ ሥራውን ይዞ የሚገኘው መኪና በብዙ ስፍራ ከባለቤቱ በዕድሜ የሚበልጥ ነው። ቀለሙ ከክንዱ ላይ ተልጦ፥ የወርቅ ጽሕፈቱ በእጅ ብዛት ደብዝዞ፥ ብረቱ ግን እንደ ጸና የቆመ ሲንጀር ነው። ይህ መኪና ከፋብሪካው ሲወጣ የታሰበለት ሥራ የኮትና የሱሪ ስፌት ነበር፤ ዛሬ የሚቀርብለት ግን የጫማ ቆዳ፥ የቦርሳ ጠርዝና የገንዘብ መያዣ ገበር ነው። ለጨርቅ የተሠራ መኪና ቆዳ እንዲሰፋ በታዘዘ ጊዜ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያምፀው እግሩ ነው።

ይህን ዐመፅ የሚያበርደው መድኀኒት ከመዳፍ የማይበልጥ ዕቃ ነው፤ ስሙም የመንኮራኩር እግር ነው። ዕቃው አዲስ ግኝት አይደለም፤ በውጭ አገር የጫማ ፋብሪካዎች ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የኖረ ነው። ይሁን እንጂ ወደ አገር ውስጥ የሚገባበትና በሱቅ የሚሸጥበት አኳኋን የተበላሸ ስለ ሆነ፥ ገንዘቡን ከፍሎ የገዛው ሰው ብዙ ጊዜ መድኀኒቱን ሳይሆን ሌላ በሽታ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ጥፋቱም የሰፊው አይደለም። ዕቃውን ከጓደኞቹ ነጥሎ የሚያስመጣው ነጋዴና «ለሁሉም መኪና ይሆናል» ብሎ የሚሸጠው ባለሱቅ የሚጋሩት ጥፋት ነው።

የነገሩ ምክንያት እንዲገባ አስቀድሞ የእግሩን ሥራ መመልከት ያስፈልጋል። በተለመደው መኪና ጨርቁን የሚስበው ከላሜራው በታች ያለው ጥርስ ነው። ጥርሱ ብቅ ብሎ ጨርቁን ከታች ይነክሳል፥ የአንድ ስፌት ርዝመት ያህል ይጎትተዋል፥ ከዚያም ዝቅ ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከላይ ያለው እግር በበኩሉ ምንም አይጎትትም፤ ጨርቁን በጥርሱ ላይ ተጭኖ ይይዛል፥ ጨርቁም ከሥሩ እየተንሸራተተ ያልፋል። ሱፍና ጥጥ በለሰለሰ ብረት ሥር በቀላሉ ይንሸራተታሉ። ቆዳ ግን፥ ይልቁንም ቀለም የተቀባና የሚያበራ ቆዳ፥ ከብረቱ ጋር ይጣበቃል። ያን ጊዜ የታችኛው ቆዳ በጥርሱ ተስቦ ሲሄድ የላይኛው ወደ ኋላ ይቀራል። ስፌቱም አንዱ ረዘም፥ ሌላው አጠር ያለ ይሆናል። ሁለቱ ቁራጮች እኩል ተቈርጠው የተጀመሩ ቢሆኑም በመጨረሻው ላይ የላይኛው ተርፎ ይገኛል። ልብስ ሰፊ ቢሆን ፈትቶ እንደገና ይሰፋዋል፤ በቆዳ ላይ ግን መርፌ የበሳው ቀዳዳ አይደፈንም። የቀኙ ጫማ ከግራው ጋር ሳይመሳሰል የቀረ እንደ ሆነ ኪሳራው የክሩ ሳይሆን የቆዳው ነው።

የመንኮራኩር እግር ይህን መጣበቅ የሚያስቀረው በቀላል ዘዴ ነው። በተንሸራታቹ ብረት ፈንታ በአንድ ዘንግ ላይ የምትዞር ትንሽ መንኮራኩር ከመርፌው አጠገብ ትቆማለች፤ ቆዳው በጥርሱ ሲሳብ እርስዋም አብራ ትዞራለች እንጂ አትቃወመውም። ቆዳውን የምትነካውም በጠባብ መሥመር ላይ ብቻ ነው። ከዚህ የተነሣ ሁለተኛ ጥቅም ይገኛል፤ ይኸውም ሰፊው መርፌው የሚወርድበትን ስፍራና የቆዳውን ጠርዝ ያለ ከልካይ ያያል፥ ቆዳውንም በመንኮራኩሯ ዙሪያ እንደ ልቡ ያዞረዋል። የጫማ አፍንጫ፥ የምላስ ጠርዝ፥ የቦርሳ ማዕዘን፥ ይህ ሁሉ ጠማማ መሥመር ነው። ለጫማ ሰፊ እንዲያውም ሁለተኛው ጥቅም ከመጀመሪያው ይበልጣል ቢባል አያስነቅፍም።

መንኮራኩሩን ያላገኘ ሰፊ ቆዳው ላይ ዘይት ይቀባል፥ ሳሙና ያሻል፥ ከእግሩ ሥርም የሚያንሸራትት ነገር ይለጥፋል። ዘዴው ለአንድ ቀን ይበጃል፤ ዘይቱ ግን በፈካ ቆዳ ላይ ነውር ሆኖ ይቀራል። ቴፍሎን ከሚባለው ልስልስ ነገር የተሠራ እግርም በገበያ ላይ አለ። ቀጥ ያለ መሥመር ብቻ ለሚሰፋ፥ ለምሳሌ ረጅም ማንገቻ ለሚሠራ ሰው፥ ይህ እግር በርካሽ ዋጋ ይበቃዋል፤ ሐቀኛ ባለሱቅም መንኮራኩሩን ትቶ ይህን ሊሸጥለት ይገባል። ነገር ግን ቴፍሎኑ በጥርሱ እየተበላ ያልቃል፥ ጠርዙንም ለዐይን አይገልጥም፥ በጠማማ መሥመር ላይም እንደ መንኮራኩሩ አይታዘዝም።

የሲንጀር ኩባንያ ራሱ ለቆዳ ብሎ የተለየ መኪና ሠርቶ ነበር። 51 ደብልዩ የሚባለው ክፍል ከጠፍጣፋው ጠረጴዛ ላይ እንደ ምሰሶ ብቅ ያለ፥ ከላይ የመንኮራኩር እግር፥ ከታችም በጥርስ ፈንታ የሚዞር ጥርሳም መንኮራኩር ያለው፥ ለጫማ የላይ ቆዳ የታሰበ መኪና ነው። ደብልዩ የሚለው ፊደል መኪናው በአሜሪካ አገር በብሪጅፖርት ከተማ፥ ቀድሞ የዊለርና የዊልሰን በነበረው ፋብሪካ መሠራቱን ያመለክታል። ኬ የሚለው ፊደል ደግሞ በስኮትላንድ በክላይድባንክ ከተማ የነበረውን የኪልቦዊን ፋብሪካ ያመለክታል። ኪልቦዊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1880ዎቹ ዓመታት ተከፍቶ በ1980 ተዘግቷል። ፋብሪካው ከተዘጋ ከአርባ ዓመት በላይ ያለፈው ሲሆን ከዚያ የወጣው ብረት ግን አሁንም እንጀራ ያበላል። ጠፍጣፋው፥ የልብስ ሰፊዎች መኪና የሚባለው የ31 ክፍልና ኬ የተጨመረበት ወንድሙ በዚህ ጽሑፍ የሚነገርላቸው ናቸው።

እዚህ ላይ በሱቅ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚፈጠር አንድ ስሕተት አለ። ገዢው የመኪናውን ስም ሲጠየቅ «ሲንጀር ነው» ይላል፤ ባለሱቁም በዚህ ረክቶ ዕቃውን ያወጣለታል። ሲንጀር ማለት ግን «መኪና» ከማለት እምብዛም የተለየ መልስ አይደለም። ከዚያ ትንሽ የተሻለው ገዢ በፊደል የሚጀምረውን ረጅሙን ቍጥር ጽፎ ይመጣል። ይህ ቍጥር የመኪናውን የትውልድ ዘመንና ፋብሪካ ይናገራል እንጂ የትኛው መለዋወጫ እንደሚስማማው አይነግርም። የሚያስፈልገው የክፍሉ ቍጥር ነው፤ እርሱም በፋብሪካ መኪናዎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ በትንሽ ሰሌዳ ለብቻው ተጽፎ ይገኛል። ሰሌዳው የወደቀ እንደ ሆነ አሮጌው ላሜራና አሮጌው ጥርስ ራሳቸው ይመሰክራሉ፤ ኩባንያው በሠራቸው ዕቃዎች ላይ «ሲማንኮ» የሚል ጽሕፈትና የዕቃው ቍጥር ተቀርጾባቸዋልና። ይህን ቍጥር ገልብጦ የመጣ ደንበኛ በሱቁ ውስጥ ካሉት ሁሉ ቀድሞ ሊስተናገድ የሚገባው ሰው ነው።

የጫማ ጠጋኞች መኪና የሆነውን የ29 ኬ ክፍልም ከዚህ ለይቶ ማወቅ ይገባል። የዚያ መኪና እግር ቆዳውን ከላይ ራሱ ይጎትታል፥ ወደተፈለገውም አቅጣጫ ዞሮ ይሰፋል። በዚያ ላይ መንኮራኩር መግጠም የበሬን ቀንበር ለፈረስ እንደ መጫን ያለ ነው፤ ለእርሱም የሚሆን የመንኮራኩር እግር አለ ብሎ የሚሸጥ ሰው ወይ ዕቃውን አያውቅም፥ ወይም ደንበኛውን አያከብርም።

አሁን ወደ ዋናው ጕዳይ መምጣት ይቻላል። የመንኮራኩር እግር ብቻውን የሚሠራ ዕቃ አይደለም። ሦስት ሆነው የሚኖሩ ዕቃዎች አሉ፤ እነርሱም እግሩ፥ ጥርሱና መርፌው የሚገባበት ላሜራ ናቸው። ለጨርቅ የተሠራው ጥርስ በመርፌው ግራና ቀኝ የተዘረጋ ብዙ ረድፍ ያለው ነው፤ ምክንያቱም የጨርቁ እግር ሰፊ ስለ ሆነ ሁሉንም ረድፍ ከላይ ይሸፍናል። መንኮራኩሯ ግን በመርፌው አንድ ወገን ብቻ ትቆማለች። አሮጌው ጥርስ ሳይለወጥ እግሩ ብቻ የተለወጠ እንደ ሆነ፥ በአንዱ ወገን ያለው ረድፍ ከላይ የሚጫነው አለው፤ በሌላው ወገን ያለው ግን የሚጫነው ሳይኖር ቆዳውን ከታች ይቧጥጣል፥ መሥመሩንም ወደ ጎን ያጣምማል። ገበሩ ቀጭን የበግ ቆዳ ሲሆን የጥርሱ ንክሻ እስከ ዘለዓለም ይታያል። ስለዚህ በመንኮራኩሯ ሥር አንድ ጠባብ ረድፍ ብቻ ያለው፥ ጥርሱም ደቃቅ የሆነ ሊገባ ይገባል።

ላሜራውም እንዲሁ። ለጨርቅ መኪና ላሜራ የተበሳው ቀዳዳ ለቆዳ ብዙ ጊዜ ሰፊ ነው። መርፌው ሲወርድ ልስልሱን ቆዳ ወደ ቀዳዳው ውስጥ ይገፋዋል፤ ሲወጣም ቆዳው ከመርፌው ጋር ተጣብቆ አብሮ ይነሣል። የተለመደው እግር መርፌውን ከግራም ከቀኝም ስለሚከብበው ይህን መነሣት ይከለክል ነበር፤ መንኮራኩሯ ግን የምትይዘው አንዱን ወገን ብቻ ነው። ቆዳው አብሮ ከተነሣ በመርፌው ዐይን አጠገብ ሊፈጠር የሚገባው የክር ቀለበት አይፈጠርም፤ ቀለበቱ ካልተፈጠረም ከታች ያለው መንጠቆ የሚይዘው አያገኝም፥ ስፌቱም ይዘላል። የመንኮራኩር እግር ገዝተው «ስፌት ያዘልላል» ብለው አውጥተው የጣሉት ሰዎች የተጣሉት ከእግሩ ጋር አልነበረም፤ ጠላታቸው የላሜራው ቀዳዳ ነበር።

አገጣጠሙ ለልምድ ባለቤት ከባድ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ግን ሊጠበቅ ይገባል። በመጀመሪያ ቀበቶው ይወልቃል ወይም ሞተሩ ከኤሌክትሪክ ይነቀላል። መርፌው ወጥቶ አሮጌው እግር፥ ከእርሱም በኋላ ላሜራውና ጥርሱ ይፈታሉ። ለዓመታት የተጠራቀመው አቧራና የክር ብናኝ በዚህ ጊዜ ካልተጠረገ መቼም አይጠረግም። አዲሱ ጥርስ ሲታሰር፥ በመጨረሻ ከፍታው ላይ በደረሰ ጊዜ፥ ከላሜራው ላይ የአንድ ጥርስ ቁመት ያህል ብቅ እንዲል ይደረጋል፤ ለቀጭን ቆዳ ከዚህም ዝቅ ይላል። ጥርሱ በላሜራው መስኮት ውስጥ ወደፊትም ወደኋላም ሲሄድ ግድግዳውን እንዳይነካ በትልቁ የስፌት ርዝመት ላይ ተደርጎ በእጅ ይሞከራል።

ከዚያ በኋላ እግሩ በዘንጉ ላይ ይታሰራል። መንኮራኩሯ ለመርፌው በተቻለ መጠን ትቀርባለች፥ ነገር ግን አትነካውም፤ ዝቅተኛ ነጥቧም በመርፌው ትይዩ፥ በጥርሱ ረድፍ ልክ ላይ ሊውል ይገባል። ትንሽ ጠማማ ሆና የታሰረች እንደ ሆነ ቆዳውን ወደ አንድ ወገን ትነዳዋለች፤ ሰፊውም በእጁ እየታገለ ቀጥ ሊያደርገው ይደክማል፥ ምክንያቱን ግን አያውቀውም። በዘንጓ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሆነው ቆዳው ላይ ይወርዳል። እግሩ ወደ ላይ ሲነሣ ቆዳውን ለማስገባት የሚበቃ ክፍተት መኖሩ፥ የመርፌው መያዣም ወርዶ እግሩን አለመምታቱ ይመረመራል። ከፍታው ያልተስተካከለ ከሆነ ከፊቱ ክዳን ኋላ ያለው የዘንጉ ማሰሪያ ብሎን ላላ ተደርጎ ዘንጉ ወደ ልኩ ይመጣል። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ጎማው በእጅ ሁለትና ሦስት ጊዜ ሙሉ ዙር ይዞራል። ይህን የእጅ ዙር ዘልሎ ፔዳሉን የረገጠ ሰው በመጀመሪያው ሰኮንድ መርፌ ይሰብራል፤ መንጠቆውን ከጎዳ ደግሞ ኪሳራው ከእግሩ ዋጋ ይበልጣል።

ብዙዎች የሚረሱት የጫናው ነገር ነው። በሰፊው እግር ላይ ተከፋፍሎ ይወርድ የነበረው የስፕሪንጉ ኀይል አሁን በአንዲት ጠባብ መሥመር ላይ ይከማቻል። ስለዚህ ከላይ ያለው የጫና ብሎን መላላት አለበት፤ አለዚያ መንኮራኩሯ በቆዳው ላይ እንደ ጋሪ ጎማ በጭቃ ላይ መንገድ ታወጣለች። ልኩ የሚገኘው ከተመሳሳዩ ቆዳ በተረፈ ቁራጭ ላይ ጠማማ መሥመር በመስፋት ነው። ቁራጩ የሌላ ቆዳ ከሆነ ፈተናው ከንቱ ነው። ደግሞም ከሥርዋ ቆዳ ሳይኖር መንኮራኩሯን አውርዶ መኪናውን ማስኬድ ክልክል መሆኑን ለተለማማጆች ደጋግሞ መንገር ይገባል፤ ብረት ብረትን ይበላልና። መርፌውም የጨርቅ መርፌ ሊሆን አይገባውም። የቆዳ መርፌ ጫፉ ስለት ያለው ሆኖ ቆዳውን እየቈረጠ ይገባል፤ በጥቅሉ ላይ 100 የሚል ቍጥር ቢገኝ የመርፌው ውፍረት 1 ሚሊሜትር ማለት ነው፤ በሌላው አቆጣጠርም ይኸው መርፌ 16 ይባላል። ላሜራው የሚመረጠው በዚህ ውፍረት ልክ እንጂ በግምት አይደለም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ከነጋዴው ጋር ምን አገናኘው የሚል ይኖራል። የሚያገናኘው ይህ ነው። ዛሬ በርካሽ የሚመጡት የመንኮራኩር እግሮች አብዛኞቹ ላሁኑ ዘመን ጠፍጣፋ መኪናዎች የተሠሩ ናቸው። እግሩ በአሮጌው ሲንጀር ዘንግ ላይ ሊታሰር ይችላል፤ ይህም ሻጩንም ገዢውንም ያታልላቸዋል። አብሮት የተሠራው ላሜራ ግን የብሎን ቀዳዳው ከአሮጌው መኪና ጋር አይገጥምም፤ ጥርሱም በመያዣው ላይ አይቀመጥም። አስመጪው ይህን ሲያይ መፍትሔ ብሎ የያዘው ላሜራውንና ጥርሱን ትቶ እግሩን ብቻ ማስመጣት ነው። በዚህም የዕቃውን አንድ ሦስተኛ አስመጥቶ የሙሉውን ስም ሰጠው። ለአሮጌው ክፍል የሚሆን ላሜራና ጥርስ የሚሠሩ ወይም ከአሮጌ ክምችት የሚሸጡ የውጭ አገር ነጋዴዎች አሉ፤ ነገር ግን የሚልኩት በክፍል ቍጥር ለጠየቃቸው ነው። «የሲንጀር መንኮራኩር እግር፥ ይህን ያህል ፍሬ» ተብሎ ለተጻፈ ትእዛዝ የሚላከው የሚላከው ዐይነት ዕቃ ነው።

ወረቀቱም ቢሆን ይህን ይፈልጋል። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ አመዳደብ የስፌት መኪና በ8452 ሥር ሲሆን፥ መርፌው በ8452.30፥ ክፍሎቹና መለዋወጫዎቹ ደግሞ በ8452.90 ይመደባሉ። መርፌና መለዋወጫ በአንድ ካርቶን ታሽጎ በአንድ መሥመር ዋጋ የተጻፈበት ደረሰኝ መልስ የሚያሻ ጥያቄ ያስነሣል፤ ጥያቄው እስኪመለስም ዕቃው በመጋዘን ይቈያል። ላኪው በደረሰኙ ላይ የዕቃውን ዐይነት፥ የሚገጥምበትን ክፍልና ፍሬውን ለየብቻ እንዲጽፍ ማስገደድ የአስመጪው ሥራ ነው።

የሚቃወሙ አሉ፤ ክርክራቸውም የሚናቅ አይደለም። አሮጌውን ብረት ከማስታመም ለቆዳ ተብሎ የተሠራ አዲስ ባለምሰሶ መኪና ማስመጣት ይሻላል ይላሉ። በየቀኑ ብዙ መቶ ጥንድ ጫማ ለሚያወጣ ፋብሪካ ይህ እውነት ነው፤ እንዲህ ያለው ቤት ጠፍጣፋ መኪና ላይ መንኮራኩር እየገጠመ ሊቈይ አይገባውም። ባለምሰሶው መኪና ቅርጽ የያዘውን ጫማ ከሁሉ ወገን ሊሰፋ ይችላል፤ ጠፍጣፋው ይህን ከቶ አይችልም። ሦስትና አራት ሠራተኛ ለሚያስተዳድር ቤት ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፥ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ አልፏል። በዚያ ዋጋ ከነጠረጴዛውና ከነሞተሩ የሚመጣ መኪና የትንሹን ቤት ጠቅላላ ካፒታል ሊውጥ ይችላል፤ ሦስቱ ትንንሽ ብረቶች ግን በአንድ እጅ ተይዘው የሚሄዱ ናቸው። ለዚህ ነጋዴ ምርጫው በአሮጌና በአዲስ መካከል ሳይሆን፥ በሚሠራ አሮጌና ቆዳ በሚያበላሽ አሮጌ መካከል ነው።

ደግሞም የአዲሱ መኪና ፍጥነት ለቆዳ ሁልጊዜ በረከት አይደለም። ላሁኑ የጨርቅ ፋብሪካ የተሠሩ ጠፍጣፋ መኪናዎች በደቂቃ እስከ 5000 ስፌት ይሄዳሉ። ይህን ፍጥነት በቆዳ ላይ የሞከረ መርፌው ይግላል፥ ክሩም ይበጠሳል። በእግር የሚረገጠው አሮጌ መኪና ሰፊው በጠማማው መሥመር ላይ ስፌት በስፌት እየቈጠረ እንዲሄድ ይፈቅድለታል። የጐደለው የኋልዮሽ ስፌት ነው፤ የ31 ክፍል መኪና ወደ ኋላ አይሰፋም፥ ስለዚህ መጨረሻው በእጅ ይታሰራል።

ላኪዎችም ይህ የባለሱቅ ጨዋታ ነው ብለው ሊያልፉት አይገባም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 መንግሥት በጥሬና በከፊል በለፋ ቆዳ ላይ 150 በመቶ የወጪ ታክስ ሲጥል፥ በ2011 መጨረሻም ክራስት ወደሚባለው ሲያስፋፋው፥ አሳቡ ቆዳው በአገር ውስጥ ተሰፍቶ እንዲወጣ ነበር። የባቲ የፍየል ቆዳና የሰላሌ የበግ ሌጦ በውጭ ገበያ በስማቸው የሚታወቁ ናቸው፤ የበጉ ሌጦ ቀጭንና ልስልስ በመሆኑ ለጓንት ይፈለጋል። እንዲህ ያለ ቆዳ ግን የጥርስ ንክሻንና የእግር መንገድን ከወፍራሙ የበሬ ቆዳ ይልቅ ይገልጣል። ስሙ የገነነውን ሌጦ ለናሙና ቦርሳ አሰፍቶ ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ፥ ናሙናው የተሰፋበትን መኪና እግር አንድ ጊዜ እንኳ ጐንበስ ብሎ ሳያይ መላኩ የሚያስገርም ነው። ገዢው በማጉያ መነጽር የሚቈጥረው በአንድ ሳንቲሜትር ውስጥ ያሉትን ስፌቶች ነው፤ ያልተካከለ ስፌት ባየ ጊዜ የቆዳውን ትውልድ አይጠይቅም።

የመንኮራኩር እግር ልኩን ያለፈ ሥራ እንዲሠራ መጠበቅም ስሕተት ነው። ብዙ ድርብ ለሆነ ወፍራም ቀበቶ፥ ለኮርቻና ለጭነት መያዣ ጠፍር አይሆንም፤ ለዚያ ከላይም ከታችም የሚጎትት፥ እግሩ የሚራመድ መኪና ያስፈልጋል። የመርፌው ዘንግ በቤቱ ውስጥ የሚወዛወዝ፥ የመንጠቆው ጫፍ የደነዘዘ መኪናም በመንኮራኩር አይድንም። ባለሱቁ እግሩን ከመሸጡ በፊት «የተለመደው እግር ባለበት በጨርቅ ላይ ደኅና ይሰፋልን?» ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ጠብ ይቀርለታል። በጨርቅ ላይ የሚዘል መኪና በቆዳ ላይም ይዘላል።

ላሜራው የማይገኝለት መኪና ሲመጣ ደግሞ መርካቶ የራሱ መልስ አለው። አሮጌው ላሜራ በብየዳ ተደፍኖ፥ ተሞርዶና ተለስልሶ፥ በመርፌው ልክ እንደገና ሊበሳ ይችላል፤ ከብዙ ረድፉ ጥርስም ትርፉ ረድፍ በሞረድ ሊወገድ ይችላል። ይህ የቶርኖ ቤት ሥራ ነው፥ በጥሩ እጅም የተሠራ እንደ ሆነ ከፋብሪካው ዕቃ ብዙ አያንስም። ነገር ግን የሚሞረደው ሁለተኛ ጥርስ እንጂ ያለው አንዱ መሆን የለበትም፤ ነገ የጨርቅ ሥራ የመጣ እንደ ሆነ መኪናው ወደ ቀድሞው ልብሱ መመለስ አለበትና። እዚህ ላይ አስመጪውና የቶርኖ ባለሙያው ተቀናቃኞች አይደሉም። ብዙ ጥሬ ጥርስና ያልተበሳ ላሜራ የሚያቀርብ አስመጪ ቢገኝ የመብሳቱን ሥራ መርካቶ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል።

ከሱቆች አንዱ አንድ አሮጌ የ31 ክፍል መኪና ራስ ገዝቶ በመደርደሪያው ላይ ለመሞከሪያ ቢያቆም፥ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ይልቅ ይሸጥለታል። ደንበኛው ዕቃው ሲገጥም ዐይኑ እያየ ይገዛል፤ ሦስቱ ዕቃዎች በአንድ ከረጢት ይታሰራሉ፥ በከረጢቱም ላይ የክፍሉ ቍጥርና የመርፌው ልክ በአማርኛ ይጻፋል። ከረጢቱ ሳይፈታ የተመለሰ እንደ ሆነ ገንዘቡን መመለስ ለሱቁ አያስቸግርም፤ ተነጥሎ የተሸጠ እግር ግን ሲመለስ ማንም ዳግመኛ አይገዛውም።

የሚቀጥለውን ትእዛዝ ለመላክ የሚዘጋጅ አስመጪ ከደንበኞቹ የጥቂቶቹን አሮጌ ላሜራና ጥርስ ለአንድ ሳምንት ቢዋስ፥ የብሎን ቀዳዳዎቹን ርቀት በካሊፐር ለክቶ፥ በላያቸው የተቀረጸውን ቍጥር ገልብጦ፥ ፎቶግራፋቸውንም ከመለኪያ ጋር አንሥቶ ከትእዛዙ ጋር አያይዞ ቢልክ ላኪው የተለየ ዕቃ ልኮ የሚያመካኝበት አያገኝም። መጀመሪያ ከየዐይነቱ ጥቂት ስብስብ ብቻ አስመጥቶ በመሞከሪያው ራስ ላይ መግጠም፥ ከገጠመ በኋላ ብዛቱን ማዘዝ ነው። የተዋሰውን ላሜራ ደግሞ በዘይት ወረቀት ጠቅልሎ በቀጠሮው ቀን ለባለቤቱ ይመልስ፤ ሰውዬው ያለ እርሱ አንድ ስፌት መስፋት አይችልምና።